የምድር የመዞር ፍጥነት ደሴ ላይ ስንት ነው፣ ኮምቦልቻስ? ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ የምታወጡበት መንገድ

ባለፈው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ የአክስቴ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ "ምድር ሁሉም ቦታ እኩል ነው እንዴ ምትዞረው? ደሴ ከፍ ስለምትል አትፈጥንም?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ "እኩል ነው" አልኩት፣ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ "ኧረ ልጄ፣ ወገቧ ላይ ነው የምትፈጥነው ሲባል ነው የሰማሁት" አሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ገባን። በኋላ ሳስበው እኔም ትክክል ነበርኩ፣ አባታችንም ትክክል ነበሩ፣ የልጁ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ከዛ ቁጭ ብዬ በዱላ፣ በካርቶንና በስልክ ካልኩሌተር ሰራሁት፣ ውጤቱ በጣም ደስ ስለሚል እናንተም ከልጆቻችሁ ወይ ከታናናሾቻችሁ ጋር እንድትሰሩት እንዳደረኩት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፣ ይሄ ካልተለየ ሌላው ሁሉ ይምታታል። "ፍጥነት" ስንል ሁለት ነገር አለ። አንዱ ምድር በሰዓት ስንት ዲግሪ ትዞራለች የሚለው ነው፣ እሱ ደሴም፣ ኦስሎም፣ ምድር ወገብ ላይም ያው ነው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በትክክል ከተባለ 15.04። ምድር አንድ ላይ ነው የምትዞረው፣ ግማሿ ቀድሞ ግማሿ ወደኋላ ሊቀር አይችልም። ሌላው ደግሞ በሰዓት ስንት ኪሎሜትር ይዛን ትሄዳለች የሚለው ነው፣ የሚለያየው እሱ ነው፣ ከቦታ ቦታ በደንብ ይለያያል። ምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1674 ኪሎሜትር ነው፣ ዋልታው ላይ ግን ዜሮ፣ እዛ የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ባለበት ቦታ አንዴ ዞሮ ያድራል እንጂ የትም አይሄድም።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ብርቱካን፣ ክር፣ ማስመሪያ፣ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ካርቶን፣ ፕሮትራክተርና ስልክ ነው። ቤት ውስጥ እንዝርት ካለ እሱንም አምጡት፣ ከሱ ነው የምንጀምረው።

ደረጃ 1፦ በእንዝርትና በብርቱካን መረዳት

እንዝርቱ ላይ የተሰካችውን ክብ ታውቋታላችሁ፣ እሷ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርጉ፣ አንዷን እንጨቱ ስር፣ አንዷን ጠርዙ ላይ። ከዛ ቀስ አድርጋችሁ በጣታችሁ አንድ ዙር አዙሩት። ሁለቱም ነጥቦች እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ አይደል? ግን የጠርዟ ነጥብ የሄደችው መንገድ ረጅም ነው፣ እንጨቱ ስር ያለችው ምንም አልተንቀሳቀሰችም ማለት ይቻላል። ጊዜው አንድ፣ መንገዱ የተለያየ፣ ስለዚህ የጠርዟ ፈጥናለች። ነገሩ በሙሉ ይሄው ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር መፈለግ ነው።

አሁን ብርቱካኑን ያዙ። ግንዱ የነበረበትን ቦታ ሰሜን ዋልታ በሉት፣ ተቃራኒውን ደቡብ። መሀሉን በክር ዙሩትና ክሩን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩት፣ የኔ 24 ሴንቲ መጣ። ከዛ ከወገቡ ወደ ዋልታው ሁለት ሦስተኛውን መንገድ ወጥታችሁ ድጋሚ በክር ዙሩ፣ እዛ ቦታ ላይ 60 ዲግሪ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ማለት ነው፣ ክሩ ወደ 12 ሴንቲ ይወርዳል፣ ልክ ግማሽ። ኦስሎና ስቶክሆልም እዛ አካባቢ ናቸው፣ እዛ ያለ ሰው ምድር ወገብ ላይ ካለው በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የኛ ደሴ ደግሞ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከወገቡ ትንሽ ፈቀቅ ያለች ናት፣ ክሩ 23 ተኩል ሴንቲ ይሆናል፣ ያጠረው ግማሽ ሴንቲ ብቻ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ነው፣ ከወገቡ አጠገብ ብርቱካኑ ለጥ ያለ ስለሆነ ወደ ሰሜን ብትሄዱም ዙሪያው ቶሎ አይጠብም፣ ወደ ዋልታው ስትጠጉ ግን በአንዴ እየጠበበ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከሞያሌ እስከ አዲግራት ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ከካይሮ እስከ ለንደን ያለው ትልቅ የሆነው።

ደረጃ 2፦ ያላችሁበትን ኬክሮስ ማወቅ

ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው። ጉግል ማፕ ላይ ቤታችሁ ያለበትን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው ሁለተኛው ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ያለው ልኬት)። ደሴ መሀል ከተማው 11.13 ገደማ ይላል፣ ኮምቦልቻ 11.08 ገደማ። ሰፈራችሁ ላይ በትንሹ ሊለይ ይችላል፣ የናንተን ያዙ።

ግን እኔ የምለው፣ ስልኩን ትታችሁ አንድ ጊዜ በጥላ ሞክሩት፣ የሆነ ሌላ ስሜት አለው። ይሄ የሚሰራው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ቀን ነው፣ መስከረም 12 ወይም 13፣ ደግሞ መጋቢት 11 ወይም 12። የአንድ ሜትሩን ዱላ ሜዳ ላይ ትከሉት፣ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ እዩ፣ ቱምቢ ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ ማሰር ነው፣ መሬቱም ለጥ ያለ መሆን አለበት፣ ግንበኛ ጎረቤት ካለ ውሃ ልክ ተዋሱ። ከዛ ከ6 ሰዓት ጀምራችሁ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ልክ በ6 ሰዓት ይመስለዋል፣ አይደለም። የኛ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ ደሴ ደግሞ 39.6 ላይ ናት፣ ስለዚህ እኛ ጋ ፀሐይ የምትደርሰው 21 ደቂቃ ዘግይታ ነው። እሱም በወሩ ይለዋወጣል፣ መስከረም ላይ 6 ሰዓት ከ14 አካባቢ ነው፣ መጋቢት ላይ ግን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ከጠጠሮቹ ውስጥ ለዱላው በጣም የቀረበው የቀኑ አጭር ጥላ ነው። ደሴ ላይ 19.7 ሴንቲ አካባቢ ይመጣል። ይሄንን ለ100 አካፍሉና በካልኩሌተሩ የታንጀንት ግልባጭ (tan⁻¹ የሚለው ቁልፍ) አድርጉት፣ 11 ዲግሪ ከምናምን ይላል፣ ያ ኬክሮሳችሁ ነው! ከዱላው እስከ ጠጠሩ የምታሰምሩት መስመርም ትክክለኛውን ሰሜን ያሳያል፣ ምልክቱን እንዳታጠፉት በኋላ እንፈልገዋለን። የጥላው ጫፍ ደብዘዝ ስለሚል አንድ ሴንቲ ብትሳሳቱ አትጨነቁ፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት 3 ኪሎሜትር በሰዓት ብቻ ነው።

ሌላ ቀን ከሆነ የፀሐይዋን መዘንበል (በዛን ቀን ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ እንደራቀች) መደመር መቀነስ ስለሚያስፈልግ ስልኩ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡ

ስልካችሁን አግድም አድርጉት፣ ካልኩሌተሩ ሰፋ ብሎ ኮሳይን (cos) የምትለዋ ቁልፍ ትመጣለች። 1674.4 (የምድር ወገቡ ፍጥነት) ሲባዛ የኬክሮሳችሁ ኮሳይን፣ አለቀ። ደሴ፦ የ11.13 ኮሳይን 0.981 ነው፣ ሲባዛ 1643 ኪሎሜትር በሰዓት።

ጥንቃቄ፣ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ መሆኑን ቼክ አድርጉ። 0.981 መሆን የነበረበት 0.134 ካላችሁ ራዲያን ላይ ነው ያለው፣ ቀይሩት። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ 224 ኪሎሜትር በሰዓት አምጥቶ ግራ ገብቶን ነበር፣ ችግሩ ይሄ ነበር።

1643 በሰዓት ማለት በሰከንድ 456 ሜትር ነው። ፒያሳ ቆማችሁ "አንድ" ብላችሁ ሳትጨርሱ ግማሽ ኪሎሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ድምፅ እንኳን በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። በተመሳሳይ መንገድ ብታሰሉት ሞያሌ 1671 ይመጣል፣ አዲስ አበባ 1654፣ ባሕር ዳር 1640፣ መቀሌ 1628። ዘመድ ውጭ ያለው ሰው የነሱንም ያውጣ፣ ጅዳ 1558፣ ካይሮ 1450፣ ዋሽንግተን ዲሲ 1303፣ ለንደን 1042፣ ስቶክሆልም 854። የመንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎሜትር አካባቢ ስለሚበር፣ ስቶክሆልም ኬክሮስ ላይ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ፀሐይዋን እኩል መከተል ይችላል ማለት ነው፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትቆያለች። ደሴ ላይ ግን ይሄ አይሞከርም፣ ምድር በጣም ትቀድመዋለች።

ደረጃ 4፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ኮምቦልቻ በኬክሮስ ወደ ምድር ወገብ ትንሽ ቀረብ ትላለች፣ የ0.05 ዲግሪ ልዩነት፣ ሲሰላ ኮምቦልቻ በ0.28 ኪሎሜትር በሰዓት ትፈጥናለች። ነገር ግን ደሴ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። ከፍ ያለ ቦታ ከዛቢያው (ምድር ከምትዞርበት የመሀል መስመር) ስለሚርቅ የሚዞረው ክብ ይሰፋል፣ ልክ እንደ እንዝርቱ ጠርዝ። እኛ ጋ አንድ ኪሎሜትር ከፍታ ወደ 0.26 ኪሎሜትር በሰዓት ይጨምራል፣ ስለዚህ የ650 ሜትሩ ልዩነት ለደሴ 0.17 ይሰጣታል። 0.28 ሲቀነስ 0.17፣ ኮምቦልቻ በ0.11 ታሸንፋለች።

ስለዚህ ልጁ "ከፍ ስለምትል አትፈጥንም?" ያለው ትክክል ነበር፣ ከፍታው በእርግጥ ያፈጥናል፣ ግን ኮምቦልቻ ወደ ደቡብ መቅረቧ ይበልጠዋል። 0.11 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት 110 ሜትር ነው፣ በቀን ሲደመር ኮምቦልቻ ከደሴ ሁለት ኪሎሜትር ተኩል የሚበልጥ መንገድ ትሄዳለች። ግን አንዱ ሌላውን ጥሎ አይሄድም፣ ኮምቦልቻ የምትዞረው ክብ ራሱ በዛው ልክ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱም እኩል ነው የሚጨርሱት። ሐረጎ ባለበት ነው ያለው።

ደረጃ 5፦ 15 ዲግሪውን በካርቶን ማረጋገጥ

"ዲግሪው ሁሉም ቦታ እኩል ነው" ያልኳችሁን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፣ ስሩት። ከካርቶን ሬዲየሱ 10 ሴንቲ የሆነ ክብ ቁረጡ፣ በሁለቱም ፊቱ ከመሀል ጀምራችሁ በየ15 ዲግሪው መስመር አስምሩ፣ መሀሉን በስታችሁ 30 ሴንቲ የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በሁለቱም በኩል እኩል እንዲወጣ አስገቡ፣ ከካርቶኑ ጋር ልክ 90 ዲግሪ ይሁን። አሁን እንጨቱን በደረጃ 2 ባገኛችሁት የሰሜን መስመር ላይ አስተኙትና ሰሜን ጫፉን ከደቡብ ጫፉ ወደ 5.8 ሴንቲ ከፍ አድርጉት፣ ያ 11 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ እንጨቱ ተኝቷል ማለት ይቻላል፣ ካርቶኑ ደግሞ ሊቆም ምንም አይቀረውም።

ሰሜንን በስልክ ኮምፓስ አትፈልጉ፣ እኔ መጀመሪያ የብረት በር አጠገብ ሆኜ በኮምፓስ ነው ያቆምኩት፣ ብረቱ አሳስቶት ግማሽ ቀን በከንቱ ጠፋ፣ ጥላው ከመስመሩ ጋር አልገጥም ብሎ። በጥላ ያገኛችሁት ሰሜን አይዋሽም።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ የምታርፈው ደቡብ ፊቱ ላይ ነው፣ የቀረውን ግማሽ ዓመት ሰሜን ፊቱ ላይ። የእንጨቱ ጥላ መስመር ላይ ሲያርፍ ሰዓት ያዙ፣ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጣዩ መስመር ላይ ታገኙታላችሁ፣ ጠርዙ ላይ 2.6 ሴንቲ ሄዶ። ጠዋትም ቢሆን ከሰዓትም ቢሆን ያው ነው። ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ላይ ጥላው አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ነው የሚታየው፣ እንደዚህ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ሲሆን ግን እኩል ይሄዳል። ኦስሎ ያለ ጓደኛችሁ ይሄንኑ ካርቶን ቢሰራ የሚቀይረው ነገር የእንጨቱን ከፍታ ብቻ ነው፣ እሱ ጫፉን 26 ሴንቲ ነው ከፍ የሚያደርገው፣ መስመሮቹ ግን እነዛው 15 ዲግሪዎች ናቸው። ሁለታችሁ በቪዲዮ ኮል እየተያያችሁ ብትሰሩት ደግሞ የበለጠ ነው።

ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚጋርድ ቢዘገይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ አንድ ሙሉ ዙር ስንት ሰዓት ነው?

24 እንዳትሉ! ይሄ ማታ የሚሰራ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ ውጡ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጭንቅላታችሁን አንድ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ በአንድ ዓይን አንድ ደማቅ ኮከብ ከመብራት ፖል ኋላ ስትጠፋ ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ ያዙ። በነጋታው ልክ እዛው ቦታ ቁሙ፣ 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድማ ትጠፋለች። በሳምንቱ 27 ደቂቃ ተኩል ትቀድማለች። ስለዚህ ምድር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው፣ 24 ሰዓት የሚሞላው በዛች ቀን ፀሐይን ስለምንዞርም ፀሐይዋን መልሶ ለማግኘት ትንሽ መጨመር ስላለባት ነው። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎሜትር ነው፣ ለ23.93 ሰዓት አካፍሉት፣ ደረጃ 3 ላይ የተጠቀምንበት 1674 የመጣው ከዛ ነው።

ከሰራችሁ በኋላ የሚነሱ ጥያቄዎች

ለምን አይሰማንም? ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ የሚያንገላታችሁ ሲታጠፍና ፍሬን ሲይዝ ነው፣ ቀጥ ባለው የኮምቦልቻ መንገድ ላይ እኩል ሲሄድ ግን ትተኛላችሁ። ምድር ፍሬን አትይዝም፣ አየሩንም ሰዉንም ይዛ እኩል ነው የምትሄደው። ሄሊኮፕተር ደሴ ላይ ተነስቶ ባለበት ቢቆም ከስሩ አገር አይቀየርለትም፣ ከነፍጥነቱ ነው የተነሳው።

ጥቅሙ ምንድነው ለሚል ሰው ሮኬት ልንገራችሁ። ሳተላይት ወደ ምሥራቅ ሲተኮስ ይሄ ፍጥነት በነፃ ይጨመርለታል፣ ለዛ ነው አውሮፓውያን እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ሄደው 5 ዲግሪ ላይ ካለችው ኩሩ ከምትባለው ከተማ የሚተኩሱት። እዚሁ ጎረቤታችንም ተደርጓል፣ ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ በቆመው የጣልያኖች ሳን ማርኮ መድረክ፣ ኡሁሩ የምትባለው ሳተላይት ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከዛ ተተኮሰች፣ ኬንያ የነፃነቷን በዓል በምታከብርበት ቀን።

ክብደትም ላይ ትንሽ ነገር አለው። መዞሩ ወደ ውጭ ስለሚገፋና ምድርም ወገቧ ላይ ስለተነፋች፣ ዋልታ ላይ በስፕሪንግ ሚዛን አንድ ኩንታል ያለ እህል ምድር ወገብ ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ጎድሎ ይነበባል። እህሉ አልጎደለም፣ የሚስበው ኃይል ነው ያነሰው።

የፀሐይ መውጫና መግቢያ ደግሞ ከኬንትሮስ ጋር ነው፣ አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ። በረመዳን ጅግጅጋ ያሉት ከደሴ 12 ደቂቃ ገደማ ቀድመው የሚያፈጥሩት ለዚህ ነው፣ በወቅቱ ትንሽ ቢለዋወጥም። ኮምቦልቻና ደሴ መሀል ያለው 25 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ተራራው ባይጋርድ ኖሮ።

የመስከረምና የመጋቢቱ ቀን ካመለጣችሁ ሚያዝያ 11 አካባቢ ዱላውን ትከሉ፣ በዛ ሰሞን ፀሐይዋ በቀጥታ አናታችን ላይ ታልፋለች፣ 6 ሰዓት ከ20 ሲሆን ጥላው ዱላው ስር ገብቶ ይጠፋል። ነሐሴ 18 አካባቢም እንደዛው ነው፣ እሱ ግን ክረምት ስለሆነ ደመናው ከፈቀደ ነው።